ኪሎ ለመጨመር ሲመገቡ የሚያጋጥም የሰውነት አለመመቸት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ከሕመም፣ ከረጅም ጭንቀት ወይም በቂ ምግብ ካለማግኘት የተነሳ ከመጠን በላይ ቀጥነው፣ አሁን በራሳቸው ፈቃድ ኪሎ ለመጨመር እየተመገቡ ላሉ የጅማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ነው። እኔ ራሴ ከሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በኋላ ከ46 ኪሎ ወደ 58 ኪሎ ለመመለስ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያስቸገረኝ የምግብ እጦት ሳይሆን ሆዴ ነበር፤ ስለ መነፋቱ፣ ስለ ቃሩና ስለ ድርቀቱ የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝም ይህንኑ ስለሆነ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ በሐኪም የሚታይ ሕመም ያለበት ሰው ከሁሉም በፊት የሐኪሙን ምክር ይከተል።

ኪሎ መጨመር የሚያስፈልገኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ክብደትዎን በኪሎ ግራም ይውሰዱ፤ ቁመትዎን በሜትር ለክተው በራሱ ያባዙ፤ ከዚያም ክብደትዎን በዚህ ቁጥር ያካፍሉ። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ከሚገባው በላይ ቀጥነዋል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከ53 ኪሎ ተኩል በታች ከመዘነ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሆኖም ከቁጥሩ በፊት መመለስ ያለበት «ለምን ከሳሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ እንደ ጃርዲያ ያሉ የአንጀት ተውሳኮችና የመንፈስ ጭንቀት ሁሉም ሰውን ያከሳሉ። ምክንያቱ ሳይታከም የሚበላ ምግብ በቀዳዳ እንስራ እንደሚቀዳ ውኃ ነው። በተለይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለብዎ ከምግቡ አስቀድመው ምርመራ ያድርጉ።

ጥቂት ከመጉረሴ ለምን እጠግባለሁ? ሆዴስ ለምን ይነፋል?

ለወራት በጥቂቱ ሲበላ የኖረ ሰው ጨጓራ ምግቡን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበት ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ በምሳ ሰዓት የተበላው እስከ ማታ እዚያው የተቀመጠ ይመስላል። ሕመምተኛው አራት ጊዜ ጎርሶ እጁን ሲሰበስብ ቤተሰብ «እያስመሰለ ነው» ወይም «ምግብ ይመርጣል» ይለዋል። ነገሩ ግን የማስመሰል ጉዳይ አይደለም፤ ጥጋቡም መወጠሩም እውነት ነው። ደስ የሚለው፣ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መመገብ ሲለመድ ይህ ችግር በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀለለ መሄዱ ነው።

እስከዚያው የሚረዳው የማዕዱን ቁጥር ጨምሮ መጠኑን መቀነስ ነው። ሦስት ትልልቅ ማዕድ ከመብላት ይልቅ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ መመገብ ጨጓራን አያስጨንቅም። ውኃ ከምግብ ጋር በብዛት ሲጠጣ የምግቡን ቦታ ስለሚይዝ በማዕድ መካከል ባለው ጊዜ ቢጠጡት ይሻላል። ለስላሳ መጠጥ ጋዝ ስላለው መነፋትን ያባብሳል። ከበሉ በኋላ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ በሜዳ ላይ መራመድ ጨጓራውን ያግዘዋል። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው የጂረን ዳገት ለዚህ አይሆንም፤ እርሱን ጉልበት ሲመለስ ይደርሱበታል። በክረምት ዝናቡ አላስወጣ ሲል እኔ በረንዳ ላይ ወዲያና ወዲህ እመላለስ ነበር፤ ያም በቂ ነበር።

አንዳንድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ሆዴ ብቻ ወፈረ፣ እጄና እግሬ እንዳለ ነው» ብሎ ይደነግጣል። ያ በአብዛኛው ጋዝና ገና ያልወረደ ምግብ ነው እንጂ ስብ አይደለም፤ ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ሆድዎ ጎድሎ ካገኙት ለዚህ ማረጋገጫ ነው። ቀበቶን ማላላት ወይም ሱሪን ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ወገቡን ማስለቀቅ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ጨጓራ ላይ የሚያርፈውን ጫና ስለሚቀንስ ለቃርም ለመነፋትም ይጠቅማል።

በምን ያህል ፍጥነት ብጨምር ይሻላል?

በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ መጨመር ለአብዛኛው አዋቂ የሚመከር ነው። ለዚህም ከተለመደው ምግብ በላይ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መጨመር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጣደፍ ሰው የሚያተርፈው ማቅለሽለሽና ማስታወክን ነው፤ አንድ ቀን ከልክ በላይ በልቶ ሁለት ቀን ምግብ ሲያንገሸግሸው የሳምንቱ ድምር ከበፊቱ ያንሳል።

ሆዴ ሳይወጠር ኪሎ የሚጨምር ምን ልብላ?

ዘዴው የምግቡን ብዛት ሳይጨምሩ ጉልበቱን መጨመር ነው። አንድ ግራም ስብ ወደ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስኳርና ስታርች የሚሰጠው ወደ 4 ካሎሪ ብቻ ነው። በሽሮው ላይ የተጨመረ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሆድ ውስጥ ቦታ ሳይይዝ ወደ 120 ካሎሪ ያስገኛል። በጤና ተቋማት በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ 92 ግራም የምትመዝነው አንዷ ከረጢት ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ይዛ 500 ካሎሪ ትሰጣለች። እርሱ ለሕሙማን በማዘዣ የሚሰጥ ስለሆነ ከገበያ ገዝተው አይብሉት፤ የሕፃናት ድርሻ ነው። ሐሳቡን ግን በቤታችን መሥራት እንችላለን።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነበር። ከሂርማታ ገበያ የገዛሁትን ለውዝ በምጣድ ላይ በቀላል እሳት እያገላበጥኩ እቆላዋለሁ፤ ሲበርድ ቀዩን ስስ ልጣጭ በመዳፌ አሽቼ በሰፌድ አነፍሰዋለሁ፤ ከዚያም በሙቀጫ፣ መጀመሪያ ዱቄት ሆኖ ቀጥሎ ዘይቱን እስኪተፋና ከዘነዘናው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ እወቅጠዋለሁ። የዚህ የለውዝ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 95 ካሎሪ አለው። ግማሽ ማንኪያውን በአጥሚት፣ ግማሹን በሻይ፣ ሌላውን በዳቦ ላይ እያልኩ በቀን ሦስት አራት ማንኪያ ሳይታወቀኝ ይገባ ነበር። ለውዙ ሻጋታ ወይም መራራ ጣዕም ካለው ግን ሳይሳሱ ይጣሉት፤ በሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ጅማ በዚህ በኩል የታደለች ናት። አቮካዶ በየቤቱ ጓሮ አለ፤ 100 ግራሙ ወደ 160 ካሎሪ ይሰጣል፤ ሲፈጭም ለጨጓራ ለስላሳ ነው። የአቮካዶ ጁስ ላይ ማር ጠብ ማድረግ፣ ገንፎን በቅቤ መብላት፣ ቅንጬን በወተት መቀቀል፣ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራውን ጩኮ በትንሽ ዕቃ ይዞ መዋል ሁሉም ብዙ ሳይበሉ ብዙ የሚገኝባቸው መንገዶች ናቸው። ኪሎው ስብ ብቻ እንዳይሆን እንቁላል፣ ዓሣ፣ ምስርና ሽንብራ አይጉደሉ። ጥሬ ሥጋ ያወፍራል የሚባለው ግን የተሳሳተ ነው፤ ከበሰለው የተለየ ጉልበት የለውም፤ ኮሶ ሊያመጣ ግን ይችላል።

ስበላ ቃር ያስቸግረኛል፤ ምን ላድርግ?

ቃር የሚመጣው የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ሲመለስ ነው፤ ጨጓራ ሲሞላ ደግሞ ይብሳል። ከእራት በኋላ ሳይተኙ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት መቆየት፣ የአልጋውን ራስጌ ከሥር እንጨት ወይም ጡብ አድርጎ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና በግራ ጎን መተኛት ብዙ ሰው ያሳርፋል። ትራስ መደራረብ አንገትን ብቻ ስለሚያጥፍ እንደ አልጋው መነሣት አይሆንም። በርበሬና ቁሌት የበዛበትን ወጥ ለምሳ ማድረግ፣ ለእራት ደግሞ አልጫ ወይም ገንፎ መምረጥ ይረዳል። ቃሩ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ የጨጓራ ባክቴሪያ ይኖር እንደሆነ ይመርመሩ፤ የጨጓራ ኪኒን እየገዙ ለወራት መዋጥ ምርመራን አይተካም።

ቡናና ጫት ይከለክሉኛል?

ይህን ጥያቄ በጅማ ሳይመልሱ ማለፍ አይቻልም። ቡናን በተመለከተ መልሱ ቀላል ነው። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቡና ረሃብን ያደበዝዛል፣ ቃርንም ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ አቦሉ ቁርስን አይቅደም። ደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ ቡናም ሻይም ምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውኩ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢያዘገያቸው መልካም ነው። ቡናውን በቤታችን ማንም አይነካብንም፤ የምንቀይረው ሰዓቱን ነው።

ጫት ግን ከዚህ የከበደ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ጫት ጨጓራ ምግቡን የሚያሳልፍበትን ፍጥነት እንደሚያዘገይ፣ የሆድ ድርቀት እንደሚያመጣና እንቅልፍ እንደሚነሣም የታወቀ ነው። ኪሎ ለመጨመር የሚታገል ሰው የሚያማርርባቸውን ችግሮች አንድ በአንድ ቢቆጥሩ አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ አሉ። ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው እራት አይበላም፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ስለሚያድር ጠዋት ዘግይቶ ይነሣና ቁርስ ያመልጠዋል፤ በዚህ ዓይነት በቀን አንድ ማዕድ ብቻ ይቀረዋል። ከልቤ የምመክረው ቢያንስ ኪሎዎ እስኪመለስ ድረስ መተው ነው። ጨርሶ መተው ያልቻለ ሰው ደግሞ ከመቀመጡ በፊት ምሳውን በደንብ ይብላ፣ ቀኖቹን ይቀንስ፣ በጊዜ ይነሣ፣ ሲያበቃም መጉረስ ካቃተው የሚጠጣ ነገር፣ ማለትም ወፍራም አጥሚት ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ ይውሰድ። ምርቃናን ለማብረድ በአልኮል መጨበስ በተጎዳ ጨጓራ ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው።

የሆድ ድርቀትና ጋዝ በረታብኝ።

ምግብ ሲጨምር ውኃውና እንቅስቃሴው አብረው ካልጨመሩ ድርቀት ይመጣል። ተልባን ሌሊት በውኃ ዘፍዝፎ ጠዋት መጠጣት፣ ፓፓያና አቮካዶ መብላት፣ ከቁርስ በኋላ ሳይቸኩሉ መጸዳጃ ቤት መቀመጥን ማስለመድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጋዙ በአብዛኛው ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽንብራ ነው። ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ የዘፈዘፉበትን ውኃ ደፍቶ በሌላ ውኃ በደንብ መቀቀል ጋዙን ይቀንሰዋል።

ወተት ስጠጣ ሆዴ ይጮሃል፤ ልተወው?

ብዙ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር ለመፍጨት ይቸገራል። እርጎና አይብ በመብላላታቸው ይህ ስኳር ስለሚቀንስላቸው የተሻለ ይስማማሉ፤ ወተቱንም በአንድ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ከመጠጣት ግማሽ ሲኒ ያህል ከምግብ ጋር መሞከር ይቻላል። ከበረት የመጣ ወተት ግን ሳይፈላ አይጠጣ፤ የከብት ነቀርሳንና ብሩሴላ የተባለውን ባክቴሪያ ያስተላልፋል። እርጎና አይብ ሲሠራም ወተቱ አስቀድሞ ቢፈላ ይመረጣል።

መመገብ ከጀመርኩ ወዲህ እግሬ አበጠ። ይህ ጤና ነው?

ይህን በጥንቃቄ ያንብቡ። ሰውነት ምግብ ሲያገኝ በጡንቻና በጉበት ስኳር ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ወደ ሦስት ግራም ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሁለት ኪሎ በድንገት መጨመርና ፊት ላይ ቀለል ያለ መወፈር ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለስድስት ወር ያህል በጥቂት ምግብ እንዲቆዩ ተደርገው ሰውነታቸው ሲጠና፣ ወደ ቀድሞው አቋም መመለስ የወራት ጉዳይ መሆኑ ታይቷል።

የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። በጣም የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ሲመገብ በደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በፍጥነት ወርደው ልብንና አተነፋፈስን ሊያውኩ ይችላሉ። ከላይ በጠቀስነው ስሌት ውጤቱ ከ16 በታች የሆነ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይፈልግ ከክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ያጣ፣ ወይም ከ10 ቀን በላይ ምንም ያልበላ ወይም እጅግ ጥቂት ብቻ የበላ ሰው አመጋገቡን በቤቱ አይጀምር፤ በሐኪም ክትትል፣ በጥቂቱ ተጀምሮ ይጨመርለት። የማንም እግር ቢሆን በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ መምታት ወይም መደናገር ከተጨመረበት፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

የማወፈሪያ ኪኒን ወስጄ ነገሩን ላሳጥረው?

አይውሰዱ። በዚህ ስም የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን ወይም ሳይፕሮሄፕታዲን ናቸው። ሁለቱም በሐኪም ሲታዘዙ ለሌላ ሕመም የሚያገለግሉ መድኃኒቶች ናቸው። ዴክሳሜታሶን ያለ ክትትል ሲወሰድ ውኃና ስብ በፊትና በሆድ ላይ ያከማቻል፣ የእጅና የእግርን ጡንቻ ይበላል፣ የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅምም ያዳክማል። ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ሲሆን ረሃብ ቢያመጣም ያንቀላፋል፤ ሲቆም ደግሞ የተገኘው ኪሎ ብዙ ጊዜ አብሮት ይሄዳል።

የአክስቴ ልጅ በወረቀት ተጠቅልሎ የተሰጣትን ስም የሌለው ኪኒን ሁለት ወር ወስዳለች። ፊቷ ክብ ሲሆን «አማረብሽ» ያላት ሰው ብዙ ነበር። ደረጃ ስትወጣ ጭኗ ይከዳት እንደነበር፣ ከወንበር ለመነሣት እጇን ትደገፍ እንደነበር ያየነው ግን እኛ የቤቷ ሰዎች ነን። አስቀድመው የጀመሩት ካለ ደግሞ በገዛ ፈቃድዎ በአንድ ቀን አያቋርጡት፤ ዴክሳሜታሶን ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በድንገት ሲቆም ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት አቅቶት ሊዝለፈለፍ ስለሚችል፣ በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

ጾምስ?

ታማሚን ክርስትናም እስልምናም ያስባሉ፤ ስለ ሁኔታዎ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከኢማምዎ ጋር ይነጋገሩ። በጾም ምግብም ቢሆን ኪሎ መጨመር ይቻላል፤ የሱፍ ፍትፍት፣ የለውዝ ሻይ፣ ተልባ፣ አቮካዶና ዘይት በቂ ጉልበት አላቸው። በረመዳን ኢፍጣሩን በቴምርና በሾርባ ጀምሮ ጥቂት ቆይቶ ወደ ዋናው ምግብ መመለስ፣ ከመተኛት በፊት አንድ ጊዜ መጨመርና ሱሑርን አለመዝለል ሆድን ከመፈንዳት ስሜት ያድነዋል። በባዶ ሆድ ላይ ሳምቡሳ መደራረብ ግን ቃሩን ይጠራዋል።

ዘመድ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን ብላ» ሲለኝ ምን ልበል?

ጉርሻው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ማስቀየምም ያሳዝናል። እኔ «እትዬ፣ ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ እያደረግክ ብላ ብሎኛል፤ ይቺን ቋጥሪልኝና ማታ እበላታለሁ» ማለትን ተማርኩ። የተቋጠረውን ማታ በእርግጥ እበላው ነበር፤ እትዬም አትከፋም፣ ሆዴም አይወጠርም።

ሚዛኑ አንድ ቀን ይጨምራል፣ ሌላ ቀን ይቀንሳል። ምን ልመን?

በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ኪሎ ወዲህና ወዲያ ማለት ከውኃና ከምግብ የተነሣ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ ጫማ አውልቀው፣ በአንድ ሚዛን ብቻ ይመዘኑ። እኔ የምመዘነው ፈረንጅ አራዳ መንገድ ዳር ሚዛኑን ዘርግቶ በሚቀመጥ ልጅ ዘንድ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በፊት ሄጄ ቁጥሩን በደብተሬ እጽፋለሁ። የልጁ ሚዛን ትክክል ይሁን አይሁን አያስጨንቀኝም ነበር፤ ሁልጊዜ እርሱው ስለሆነ ለውጡን ያሳየኛል።

ጡንቻዬንና ጉልበቴን ያመኛል፣ ቆዳዬም ሸንተረር አወጣ።

አዲስ እንቅስቃሴ ከጀመሩ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው፤ ጡንቻ ሳይሠራ የሚጨምረው ኪሎ በአብዛኛው ስብ ስለሚሆን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቀለል ያለ የጉልበት ሥራ ይመከራል። መገጣጠሚያ ካበጠ ወይም ካቃጠለ ግን ያቁሙ። ሸንተረሩ ጉዳት የለውም፤ እየቆየም ይደበዝዛል።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካለበት፣ የበሉትን ደጋግመው ካስታወኩ፣ ምግብ ሲውጡ ከተናነቀዎ፣ የሆድ ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎ፣ ትኩሳት ካልለቀቀዎ፣ ወይም ለአንድ ወር በአግባቡ እየበሉ ኪሎዎ መቀነሱን ካላቆመ ሳይውሉ ሳያድሩ በቅርብዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ አስፈላጊ ሲሆን ከዚያ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይልኩዎታል። ሲሄዱ የአንድ ሳምንት ምግብዎንና የሚዛኑን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው፣ የወሰዱት ኪኒን ካለም ማሸጊያውን ይዘው ይቅረቡ፤ ጫት ከቃሙም ሳይደብቁ ይንገሯቸው።